ነጭ ባሕር ዛፍ፦ ከታስማንያ ጠረፍ እስከ እንጦጦ ዳገት

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍን ያውቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ነጠላ ተከናንቦ የሚታጠነው የእርሱን ቅጠል ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲደርስ ዳሱ የሚቆመው በእርሱ ቋሚ ነው። የጭቃ ቤት ማገሩና ወራጁ፣ የአጥር ግቢ አጣናው፣ የምጣድ ሥር ጭራሮው ከእርሱ ይገኛል። ፎቅ ሲሠራም ግንበኛው ለብዙ ዘመን የተረገጠው መወጣጫ ከእርሱ ግንድ የታሰረ ነበር። ይህን ያህል ከኑሯችን ጋር የተዋሐደ ሌላ ዛፍ በከተማይቱ ታሪክ ውስጥ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ዛፍ በተነጋገርን ቁጥር ፍርዳችን ከሁለት ጽንፍ አያልፍም። ለአንዱ ወገን ባሕር ዛፍ ዋና ከተማችንን ከመፍረስ ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ለሌላው ወገን ምንጭ የሚያደርቅ፣ መሬት የሚያመክን፣ አገር በቀሉን ዛፍ ከርስቱ ያፈናቀለ መጤ ጠላት ነው። በደን ሙያ የተሰማራን ሰዎችም ከዚህ ክርክር ውጭ ሆነን አናውቅም፤ አንዳንዴ ችግኙን አዳዮች፣ አንዳንዴም ነቃዮች ሆነን ተገኝተናል።

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለዚሁ ዛፍ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ከክርክሩ ይልቅ ታሪኩንና ተፈጥሮውን አንድ ላይ ማቅረቡን መረጥሁ። ባሕር ዛፍ በአገራችን የሠራው በጎም ሆነ ክፉ ሥራ ሁሉ ከተፈጥሮው የሚመነጭ ነውና፣ ቅጠሉንና ሥሩን ሳያዩ ታሪኩን መፍረድ ግማሽ ዳኝነት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችን ዘመኖች ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሰጠታቸውን አንባቢ ልብ እንዲል አሳስባለሁ።

ስሙና ዘመዶቹ

ሕዝባችን ከሩቅ የመጣ ነገር ሲቀበል የመጣበትን አቅጣጫ በስሙ ላይ ማተም ልማዱ ነው። በቆሎን በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» እንዳለው ሁሉ፣ ይህንንም ዛፍ «ባሕር ዛፍ» አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለቱ ነው። በዚህ በአንድ ስም ሥር ግን ብዙ ዓይነቶች ይጠቃለላሉ። ኢዩካሊፕተስ የሚባለው ወገን ከ700 በላይ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መካከል ከ50 የሚበልጡት በተለያየ ጊዜ ወደ አገራችን ገብተው ተሞክረዋል። ገበሬው በደንብ ለይቶ የሚያውቃቸው ግን ሁለቱን ነው፤ እነርሱም ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ ናቸው።

ቀይ ባሕር ዛፍ በሳይንስ ስሙ ኢዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ ይባላል። በአውስትራሊያ ወንዞች ዳር የሚበቅለው ይህ ዛፍ ስሙን ያገኘው ግን በኢጣልያ ኔፕልስ አጠገብ ከሚገኝ ካማልዶሊ ከተባለ ስፍራ ነው፤ በዚያ ባለ የአትክልት ቦታ የበቀለውን ዛፍ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1832 ስም የሰጠው ደንሃርት የተባለ የአትክልት ሊቅ ነበር። ቀይ ባሕር ዛፍ ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል በወይና ደጋውና ወደ ቆላው በሚያዘነብለው አገር ተስፋፍቷል። የደጋው ዛፍ፣ የእንጦጦውና የአዲስ አበባው ዛፍ ነጩ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይም እርሱ ነው። የሳይንስ ስሙ ኢዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ይባላል።

ባሕር ዛፍ መጤ ነው ስንል ዘመድ የለውም ማለት አይደለም። የሚመደበው በአደስ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ለቅቤ ማጣፈጫና ለጠጉር ቅባት የሚወቅጡት አደስ፣ ሕፃናት በየወንዙ ዳር ጥቁር ፍሬውን የሚለቅሙት ዶቅማ፣ ከጓሮ የሚበላው ዘይቱና፣ ከሻይ ጋር የሚፈላው ቅርንፉድ ሁሉ ከዚሁ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። የባሕር ዛፍን ቅጠል ወደ ብርሃን አቅንቶ ያየ ሰው በውስጡ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ብሩህ ነጥቦችን ያያል፤ እነርሱም የዘይት ቋቶቹ ናቸው። የአደስንም ቅጠል ቢያቀና ተመሳሳይ ነጥቦችን ያገኛል። መዓዛቸው ከዚህ ቋት የሚወጣ ነው።

የዛፉ ተፈጥሮ

«ኢዩካሊፕተስ» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን «በሚገባ የተሸፈነ» ማለት ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1788 ለወገኑ ያወጣለት ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ፣ በካፒቴን ኩክ ሦስተኛ ጉዞ ላይ ከታስማንያ የተለቀመ ቅርንጫፍ ተመልክቶ ነበር። የተሸፈነው አበባው ነው። የባሕር ዛፍ እንቡጥ እንደ ሌሎች አበቦች የሚዘረጋ መልካበባ የለውም፤ በዚያ ፈንታ እንደ ቆብ የሆነ ክዳን በላዩ ይደፋበታል። አበባው በደረሰ ጊዜ ክዳኑ ተላቆ ይወድቅና እንደ ክር የቀጠኑ፣ ቀለማቸው የወተት ቅባት የመሰለ እጅግ ብዙ ወንዴ አካላት እንደ ጭራ ይበተናሉ። ንብ የምትሻውም ይህን ነው።

ነጭ ባሕር ዛፍ ከሌሎች የወገኑ ዓይነቶች የሚለይበት ዋናው ምልክት እንቡጡ በቅጠሉ ብብት ብዙውን ጊዜ ብቻውን መቀመጡ ነው። እንቡጡ አራት ማዕዘን የያዘ፣ ገጹ ኪንታሮት እንዳለበት የሻከረ፣ ሰም በመሰለ ነጭ ብናኝ የተሸፈነ ነው። ፍሬው ከእንጨት የጠነከረ ሲሆን ቅርጹ ቁልፍ ይመስላል፤ «ግሎቡለስ» የሚለው ቅጽል ስሙም ትንሽ ክብ ነገር ማለት ነው። በፍሬው አናት ላይ ያሉት በሮች ሲከፈቱ ከኑግ ቅንጣት የምታንስ ዘር ትረግፋለች። ከዚህች ዘር የሚበቅለው ዛፍ በትውልድ አገሩ ከ70 ሜትር በላይ ሊቆም ይችላል።

የዛፉ ቅርፊት የላይኛው ክፍል በየጊዜው በረጅም ልጥ እየተላጠ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው ግንድ ለስላሳና አመድማ ሆኖ ይገለጣል። በግንዱ ግርጌ ግን ሸካራው ቅርፊት ሳይላጥ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ አስደናቂው ነገር ቅጠሉ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ በዕድሜው ሁለት ዓይነት ቅጠል ያበቅላል። በልጅነቱ የሚያወጣው ቅጠል ሰፊ፣ ያለ አንገት በግንዱ ላይ የተጣበቀ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ነጭ ሰማያዊ ሰም የተቀባ ነው፤ ቅርንጫፉም አራት ማዕዘን አለው። ዛፉ ሲጎለምስ ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። ቅጠሉ እንደ ማጭድ የቀጠነና የጎበጠ፣ አረንጓዴ፣ አንገት ያለው፣ ተራ በተራ የሚቀመጥ ይሆናል፤ ርዝመቱም እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከቅርንጫፉም ወደ ታች ስለሚንጠለጠል የቀትር ፀሐይ ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ታገኘዋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ልጁንና ጎልማሳውን ጎን ለጎን ቢያይ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው ብሎ ይምላል። አገራችን ይህን ዛፍ «ነጭ» ያለችውም ከዚህ የልጅነት ቅጠሉ ንጣት የተነሣ ይመስላል።

ሌላው ጠባዩ መቆረጥን አለመፍራቱ ነው። የትውልድ አገሩ ደን እሳት በየጊዜው የሚጎበኘው በመሆኑ፣ ዛፉ ከቅርፊቱ ሥር የተኙ እንቡጦችን አኑሮ መጠበቅን ተምሯል። ግንዱ ሲቃጠል ወይም ሲቆረጥ እነዚህ እንቡጦች ይነቃሉ፤ ሥሩ ያከማቸውን ስንቅ እየሳቡም ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቁጥቋጦ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተተከለ ባሕር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ እየተቆረጠ ደጋግሞ ይታጨዳል። በአውስትራሊያ ለእሳት የተዘጋጀው ይህ ብልሃት በኢትዮጵያ ለመጥረቢያ ዋለ። የአገራችን ጥድ ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ ከግንዱ ከተቆረጠ ሞተ ማለት ነው፤ ከዘር ተነሥቶ ለመድረስም የሰው ዕድሜ ይፈጃል። የቀሪው ታሪክ ቁልፍ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከታስማንያ ወደ ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1792 ዳንትረካስቶ የሚመራቸው ሁለት የፈረንሳይ መርከቦች፣ ላፔሩዝ የተባለውን የጠፋ መርከበኛ ፍለጋ ሲዞሩ በታስማንያ ደቡብ ጠረፍ መልሕቅ ጣሉ። ከተጓዦቹ መካከል ላቢላርዲየር የተባለ የዕፀዋት ሊቅ ነበር። በጠረፉ ደን ውስጥ ያየው ዛፍ እጅግ ረጅም ስለነበረና አበባውም በጫፉ ብቻ ስለሚገኝ፣ አንድ አበባ ለማግኘት ሲል ዛፉን በሙሉ አስቆርጦ ጣለው። የነጭ ባሕር ዛፍና የሰው ልጅ የሳይንስ ትውውቅ የተጀመረው እንግዲህ በመጥረቢያ ነው።

የላቢላርዲየር ስብስብ ወደ አገሩ በሚመለስበት መንገድ በጃቫ ተያዘበት፤ በኋላም በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ ነበሩ። ሆኖም ሰር ጆሴፍ ባንክስ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ «የሳይንስ ሰው ዕቃ ምርኮ አይሆንም» በሚል አቋም ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1796 ስብስቡ ለባለቤቱ እንዲመለስ አደረገ። ላቢላርዲየርም የጉዞውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ለዛፉ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው።

ዛፉን በዓለም ላይ የበተነው ግን የሜልቦርን የዕፀዋት አትክልት ኃላፊ የነበረው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። ዘሩ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አልጄሪያ፣ ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌሎችም አገሮች ተላከ። የቪክቶሪያው መድኃኒት ቀማሚ ጆሴፍ ቦዚስቶም እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ዘይቱን ማጣራት ጀመረ። በዚያ ዘመን ወባ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የባሕር ዛፍ ሽታ አየሩን ያነጻል በሚል ተስፋ በሮም አጠገብ በትሬ ፎንታኔ ገዳም ያሉ መነኮሳት ረግረጉን በባሕር ዛፍ ሞሉት። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሲታወቅ የሽታው ነገር ከንቱ ሆነ። ነገር ግን ዛፉ ረግረጉን ይመጥጥ እንደነበር ያየ ሁሉ መስክሯል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በሮም ምስጋና ያተረፈለት ጠባይ በአዲስ አበባ ክስ ሆኖ ይመለሳልና።

የማገዶ ረሀብ

የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከአንኮበር እስከ ልቼ፣ ከልቼ እስከ እንጦጦ ሲዘዋወር ቆይቷል። ከመዘዋወሩ ምክንያቶች አንዱ እንጨት ነበር። ሠራዊትና ቤተ መንግሥት በአንድ ቦታ ሲሰፍር በዙሪያው ያለው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ያልቃል፤ እንጨት የሚለቅመው ሰው የሚሄድበት መንገድ በየዓመቱ ይረዝማል፤ በመጨረሻም ከተማው ራሱ ይነሣል። ደኑን የመጠበቅ ሐሳብ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም፤ የመናገሻ ጥድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር የተተከለ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ በፍልውሃ አጠገብ ተቆረቆረች። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ ንግሥ ከተቀበሉ በኋላ ከተማይቱ የመላው ግዛት መናገሻ ሆነች፤ ሕዝቧም በፍጥነት በዛ። ብዙ ጊዜ ሳይወስድ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ተመነጠረ። ተጓዦች እንደ መሰከሩት ማገዶ ከሩቅ አገር በሰው ጀርባና በአህያ ይመጣ ጀመር። የጥንቱ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ መፍትሔው የታወቀ ነበር፤ ድንኳን መንቀል። እንደዚያውም ታስቦ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኤጄሬ፣ ደን በሞላበት ስፍራ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ተጀመረ፤ ስፍራውም «አዲስ ዓለም» ተባለ።

አዲስ ዓለም ግን መናገሻ ሳትሆን ቀረች፤ የተጀመረው ሕንፃም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዋለ። አዲስ አበባ እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች መካከል በውድ ዋጋ የተሠሩት የድንጋይ ቤቶች፣ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖችና የነጋዴዎች ንብረት ይገኙበታል። ከሁሉም ጋር ግን አንድ ዛፍ ነበረ።

ባሕር ዛፍን ወደ አገራችን አስገባ ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። እርሱም የፓሪስ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ መጥቶ የምኒልክ አማካሪ እስከ መሆን የደረሰ ሲሆን፣ የሰበሰባቸው የግእዝና የአማርኛ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዘሩ የገባበትም ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ከተሞከሩት ልዩ ልዩ ዛፎች መካከል የአዲስ አበባን ብርድና ከፍታ ወዶ በፍጥነት የተመነደገው ነጭ ባሕር ዛፍ ሆነ።

ምኒልክ የዚህን ነገር ጥቅም ፈጥነው ተረዱ። ችግኝ በትንሽ ዋጋ እንዲታደል፣ ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። በአገራችን የደን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ፍሬ ያፈራ የግብር ሕግ አልታየም። መኳንንቱም፣ ነጋዴውም፣ ቤተ ክህነቱም፣ ቤት ያለውም ሰው ሁሉ በየግቢው ተከለ። ከአምስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ለማገርና ለወራጅ፣ ከዚያም ለቋሚ የሚሆን እንጨት በደጅ ተገኘ። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከተማይቱን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ቤቶቿ በዛፍ ውስጥ ሰምጠው ስላገኟቸው «የባሕር ዛፍ ከተማ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ዘላኑ የመናገሻ ልማድ በዚህ ዛፍ ሥር አበቃ።

የመንቀል ትእዛዝ

ምስጋናው ገና ሳይደበዝዝ ክሱ ተከተለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው መንግሥቱ በልጅ ኢያሱ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ ባሕር ዛፍ ምንጮችንና ጉድጓዶችን እያደረቀ ነው የሚል አቤቱታ ስለ በዛ ከተተከለው ዛፍ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም፤ ዛፉን ይነቅሉ ዘንድ የታዘዙት ሰዎች ምሽት ላይ ምጣድ የሚጥዱበት ሌላ እንጨት አልነበራቸውም።

ተከል የሚለውም ሆነ ንቀል የሚለው ትእዛዝ በሃያ ዓመት ውስጥ ለአንድ ዛፍ መውጣቱ ሊያስገርመን ይችላል። ነገር ግን ይህ ታሪክ ያኔ አላበቃም። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ የትግራይ ክልል አስተዳደር በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ከለከለ፤ የተሰጠውም ምክንያት ለእርሻው መሬትና ለውሃው መጠንቀቅ ነበር። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን የጉራጌና የጎጃም ገበሬ ከእህል ይልቅ ባሕር ዛፍ ቢተክል እንደሚያዋጣው በራሱ ሒሳብ ደርሶበት ነበር። የምዕራብ ጎጃም አጣና በመተማ በኩል ተጭኖ ሱዳን ድረስ ተሽጧል። ገበሬውን ባሕር ዛፍ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የክፉ ቀን ተቀማጭ ሆኖለታል። ባንክ በሌለበት አገር ከጉቶ የሚበቅል ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በአንድ የገጠር ገበያ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ዛፉ ውሃ ይጠጣልን?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አዎን፣ ይጠጣል። ነገር ግን እንዴትና የት የሚለው ካልተጨመረበት እውነቱ ሙሉ አይሆንም።

ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ሳያራግፍ ያድጋል። ፈጥኖ የሚያድግ ነገር ሁሉ ብዙ ይጠጣል። በአንጻሩ በጠጣው ውሃ ልክ የሚሰጠው እንጨት ሲመዘን አባካኝ ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም ከብዙ ዛፎች የተሻለ ቆጣቢ ነው። ስለዚህ ችግሩ በአንድ ኪሎ እንጨት የሚፈጀው ውሃ ሳይሆን፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚያበቅለው እንጨት ብዛት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ከምንጭ ርቆ፣ አራርቆ የተተከለ ባሕር ዛፍ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። በምንጭ ራስ ላይ፣ በወንዝ ዳር ወይም ዝናብ ባጠረው አገር በእርሻ መካከል አጥብቆ የተተከለው ግን ረግረጉን እንዳደረቀላቸው የሮማ መነኮሳት ምንጩንም ያደርቃል። ጠባዩ አንድ ነው፤ የተለወጠው የተተከለበት ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከሥሩ ሣር አያበቅልም የሚለው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ዘይቶችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የሌላውን ተክል ዘር እንደሚያዳክሙ ታውቋል። ሥሩም ከአጠገቡ ካለው ሰብል ጋር ውሃና ምግብ ይሻማል። ነገር ግን በሙነሳ ሻሸመኔ ደን በተደረገ ጥናት፣ ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ባሕር ዛፍም ጭምር ባለበት፣ አገር በቀል ዛፎች በብዛት ራሳቸውን ተክተው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የዘር ምንጭ የሆነ የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያው መኖሩ፣ ዛፉ እስኪጎለምስ መታገሡና ከሥሩ የወደቀው ቅጠል አለመጠረጉ ነው።

በእንጦጦ ዳገት ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። የወደቀው ቅጠል ለማገዶ በየቀኑ ተጠረገ፤ ቁጥቋጦው ሳይጠና ተቆረጠ፤ ሣሩን ከብት ጨረሰው። ራቁቱን የቀረውን መሬት የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ከተማይቱ ወንዞች አወረደው። ይህን ያየ ሰው «ባሕር ዛፍ መሬቱን በላው» ይላል። መሬቱን የበላው ግን ከባሕር ዛፍ ሌላ ማገዶ ያልነበረው የከተማ ረሀብ ነው።

ተሸካሚዎቹ

የባሕር ዛፍን ታሪክ ስንጽፍ ነገሥታቱንና ሊቃውንቱን እንቆጥራለን፤ ዛፉን በጀርባቸው ወደ ከተማይቱ ያወረዱትን ሴቶች ግን ብዙ ጊዜ እንዘላለን። ጎሕ ሳይቀድ ዳገቱን የወጡ፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ሰብስበው፣ በገመድ አስረው፣ አንገታቸውን ሰብረው በቁልቁለቱ የወረዱ እናቶችና ልጃገረዶች የዚህች ከተማ እንጀራ ለብዙ ትውልድ ሲጋገር የኖረበትን እሳት አቅርበዋል። ሸክማቸው ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የዛፉ ባለቤትነት ሲለዋወጥ የእነርሱ ሁኔታ እምብዛም አልተለወጠም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ባሕር ዛፍ በአብዛኛው የመኳንንቱ፣ የባለርስቱና የቤተ ክርስቲያን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ በታወጀ ጊዜ ሰፋፊዎቹ ይዞታዎች ወደ መንግሥትና ወደ ገበሬ ማኅበራት እጅ ገቡ። ቀጥሎም በ1970ዎቹ በውጭ እርዳታ አዲስ የማገዶ ደኖች በከተማይቱ አካባቢ ተተከሉ። ደኑ የመንግሥት ሲሆን ጥበቃው ጠነከረ፤ ትናንት ለቃሚ የነበረችው ሴት ዛሬ በሕግ ፊት ሌባ ሆነች። ሸክሟን በዘበኛ የተነጠቀች፣ ወይም ሳትነጠቅ ለማለፍ ሌላ መተላለፊያ የተጠየቀች ሴት ታሪክ በእንጦጦ ዳገት የተለመደ ነበር። በኋላ ከነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ተደራጅተው በሽመና ሥራ ለመተዳደር ችለዋል።

ይህን የማነሣው ለሙያችን ትምህርት አለው ብዬ ነው። እኛ ደን ስንል ዛፍ እንቆጥራለን፤ ሄክታርና ሜትር ኩብ እንለካለን። በከተማ ዳር ያለ ደን ግን ከዛፍ ይልቅ የሰው ጉዳይ ነው። ማገዶ ለምትፈልግ ሴት ሌላ እሳት ሳይሰጡ ዛፉን ማጠር ዘበኛን ከድኻ ጋር ማጋጨት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት ሁሉ ከእንጦጦ የሚወርደው ሸክም እንደቀነሰ ማስተዋል ይበቃል፤ ከብዙ ዘበኛ ይልቅ አንድ ምጣድ ደን ጠብቋል።

ማጠቃለያ

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንጦጦ ላይ መናፈሻ ተከፈተ። ዛሬ ብዙ ሰው ለማገዶ ሳይሆን ለአየር ሲል ወደዚያ ይወጣል። ዳገቱን ወደ ጥንቱ ጥድና ወይራ ለመመለስ የሚደረገውም ጥረት የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በዚህ ጊዜም የ1905 ዓ.ም.ን ስሕተት እንዳንደግም ያሰጋል። ባሕር ዛፍን በአንድ ጊዜ መንቀል ዳገቱን ለጎርፍ መስጠት ነው። ጥድ በልጅነቱ ጥላን ይወዳል፤ እንግዲህ ባሕር ዛፉን አሳስቶ፣ ጥድና ወይራን በጥላው ሥር አሳድጎ፣ እነርሱ ሲጠኑ እርሱን ቀስ በቀስ ማስወጣት የተሻለው መንገድ ነው። በዚህ ዓይነት መጤው ለባላገሩ ሞግዚት ሊሆንለት ይችላል። ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር መራቅ፣ በተዳፋት ላይ የወደቀውን ቅጠል አለመጥረግ፣ ለማገዶና ለአጣና የሚሆነውን ለይቶ በተወሰነ ቦታ ማልማት፤ እነዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቼ አዲስ አይደሉም። የጎደለን ዕውቀት ሳይሆን በችኮላ የመትከልና በችኮላ የመንቀል ልማድን መተው ነው።

ጽሑፌን የምዘጋው ከላይ ስለ ቅጠሉ ወዳነሣሁት ነገር በመመለስ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው የጎልማሳነቱን ቅጠል ሳይሆን የልጅነቱን ነው። እንደገና ሰፊውን፣ ነጩን፣ ሰም የተቀባውን ቅጠል ይለብሳል። የእንጦጦ ዳገት ለአያሌ ዘመን ከሩቅ ሲታይ ብር መስሎ ያንጸባርቅ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ተመልካች ውበቱን ያደንቅ ነበር፤ የዕፀዋትን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ንጣት ውስጥ ሌላ ነገር ያነብባል፤ ይህች ከተማ ዛፏን በየጊዜው ስትቆርጠው ከመቶ ዓመት በላይ ከልጅነት እንዳይወጣ አድርጋ እንዳኖረችው። ከተክል ሁሉ ይህን ያህል ያገለገላት የለም። እንዲያድግ ፈቅዳ ግን አይታው አታውቅም። በዳገቱ ላይ ማጭድ የመሰለው አረንጓዴ ቅጠል በዝቶ፣ ከሥሩም የጥድ ችግኝ ብቅ ብሎ ያየን ቀን፣ ያን ጊዜ ከተማይቱም ዛፉም ዕድሜ አግኝተዋል ለማለት እንችላለን።